«ዕድሜያቸው ነው» እየተባለ የሚታዘዝና የሚከለከል መድኃኒት

የጉለሌዋ፦

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 78 ዓመቷ ነው። ስኳር አለባት፣ ግፊት አለባት፣ ጉልበቷን ያማታል። ሰሞኑን የመድኃኒት ፌስታሏን አልጋ ላይ ዘርግፌ ሳየው ስምንት ዓይነት ሆኖ አገኘሁት። ለግፊት አምሎዲፒን 10፣ ሽንት የሚያሸናው ላዚክስ፣ ለስኳር ግሊቤንክላማይድና ሜትፎርሚን፣ ለሕመም ዳይክሎፌናክ፣ ለጨጓራ ኦሜፕራዞል፣ አስፒሪን፣ ማታ ማታ ደግሞ ለእንቅልፍ ዳያዚፓም። የታዘዘው ከጤና ጣቢያ፣ ከአንድ የግል ክሊኒክና ከአንድ ሆስፒታል ነው። አንዱ ሌላው ምን እንዳዘዘ የሚያውቅ አይመስለኝም።

የበለጠ የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ሐኪም ፊት ስንቀርብ የሚጠየቀው እኔ ነኝ። «ይተኛሉ? ይበላሉ? ሽንት እንዴት ነው?» እሷ ነጠላዋን አጣፍታ አጠገቤ ተቀምጣለች። ጆሮዋ ደህና ነው፤ የሰፈሩን ዕቁብ ማን እንደከፈለ ማን እንደቀረበት እስካሁን በቃሏ የምትይዝ ሴት ናት። «ስነሳ ዓይኔ ይዞርብኛል» ስትል «እማማ፣ በዚህ ዕድሜ ያለ ነው» ትባላለች። ወዲያው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ኪኒን ይጻፍላታል።

በቅርቡ የልብ ምርመራ፣ ኢሲጂ ስትነሳ የልብ ምቷ የተዛባ ነው ተባለ፤ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚሉት። «ደም ማቅጠኛ አያስፈልጋትም?» ስል «ለእሳቸው ዕድሜ አስፒሪኑ ይበቃል» የሚል መልስ ነው የተሰጠኝ። ለምን ብዬ ሳልጨርስ ተረኛው በሩን ከፍቶ ገብቷል።

እንግዲህ ፍረዱኝ። አንዴ ዕድሜዋ መከልከያ፣ አንዴ ዕድሜዋ መጨመሪያ ሲሆን አድልዎ ነው ብል አጋነንኩ?

ቡና ጠጪ፦

እግዜር ይማራቸው። የኔም አባት ፌስታል እንዲሁ ነው። እየተከታተልኩ ነው።

ከመድኃኒት ቤቱ፦

እህቴ፣ ፋርማሲስት ነኝ፤ አዲስ አበባ ነው የምሠራው። እናትሽን ሳላይ ይሄ ይቁም ያ ይቀጥል አልልሽም። ዝርዝሩን ሳነበው ግን ዝም የማያሰኝ ነገር አየሁበት።

ላዚክሱ የታዘዘው እግራቸው አብጦ ነው? ከሆነ እብጠቱን ያመጣው አምሎዲፒኑ ሊሆን ይችላል። በተለይ 10 ሚሊግራም ሲሆን ቁርጭምጭሚት ማሳበጡ የታወቀ ነው፣ በሴቶች ላይ ደግሞ ይበዛል። ይሄ እብጠት ሰውነት ውኃ ስላጠራቀመ የመጣ ስላልሆነ ላዚክስ ብዙም አያጎድለውም። ጣጣው ግን አይቀርም፤ ሌሊት ለሽንት መነሳት፣ የሶዲየምና የፖታሲየም መውረድ፣ ከአልጋ ሲነሱ ዓይን መጨለም። እዚያ ላይ ዳያዚፓም አለ። በአረጋዊ ሰውነት ውስጥ ዳያዚፓም ቶሎ አይወጣም፤ ማታ የተዋጠው በማግስቱ ቀን ሙሉ እግር ያስራል። ሌሊት በጨለማ ወደ ሽንት ቤት የሚሄዱ የ78 ዓመት እናት፣ የሚያዞር ራስና የማይታዘዝ እግር ይዘው፤ መጨረሻው የዳሌ አጥንት ስብራት ነው። የአንዱን መድኃኒት ጎንዮሽ ጉዳት አዲስ በሽታ አድርጎ ሌላ መድኃኒት መደረብ በሙያችን በደንብ የታወቀ ወጥመድ ነው። ወጣት እግሩ ቢያብጥ «ምን ጀምረህ ነበር?» ይባላል። አሮጊት እግሯ ሲያብጥ «እርጅና» ተብሎ ይታለፋል። እኔ አድልዎ የምለው እዚህ ጋ ያለውን ነው።

ዳይክሎፌናክ ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ከላዚክስ ጋር ሲሆን ኩላሊቱ ላይ ይብሳል። ከአስፒሪን ጋር ደግሞ የመድማት አደጋው ይጨምራል። ስለ ግሊቤንክላማይድ የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ራሱ ከ60 ዓመት በላይ ላለ ሰው አይስማማም ብሎ ጽፏል። ረጅም ሰዓት ስለሚሠራ ስኳሩን አውርዶ ሰውን ይጥላል። እናትሽ ይጾማሉ? ጠዋት ውጠውት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ካልቀመሱ በጣም ያስፈራል። ማዞሩም ከዚህ ሊሆን ይችላል፤ ሲያዞራቸው ስኳራቸው ተለክቶ ያውቃል?

አንድ ነገር ልጨምር። የኩላሊት ምርመራ ወረቀታቸው ላይ ክሬቲኒን ስንት ይላል? ኪሏቸውስ?

የጉለሌዋ፦

ይጾማሉ፤ ዐቢይንም ፍልሰታንም። ስኳሩ ሲያዞራት ተለክቶ አያውቅም። ክሬቲኒን 1.0 ነው፣ «ኖርማል» ይላል። ኪሎዋ 45።

ከመድኃኒት ቤቱ፦

«ኖርማል» የሚለውን አትመኚው። ክሬቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ ነው። ጡንቻቸው የከሳ እናት ኩላሊታቸው ደክሞም ቁጥሩ ደህና ሊመስል ይችላል። ኩላሊታቸው በደቂቃ ስንት ሚሊሊትር እንደሚያጣራ ስሌቱን ራስሽ ሥሪው፤ ከ140 ላይ ዕድሜውን ቀንሺ፣ 62። በኪሎ አባዢ፣ 2,790። ለ72 አካፍዪ፣ ከዚያ በክሬቲኒኑ፤ እሱ 1.0 ስለሆነ አይለውጠውም። ወደ 39 ይመጣል። ሴት ስለሆኑ በ0.85 አባዢ፤ 33 ገደማ። ከ1976 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስንጠቀምበት የኖርን ስሌት ነው፣ በስልክ ካልኩሌተር ይሠራል።

33 ማለት ኩላሊታቸው ደህና የነበረበት ዘመን አልፏል ማለት ነው። ሜትፎርሚኑ መጠኑ መታየት አለበት፤ 30 ስር ከወረደ ጭራሽ አይሰጥም። ዳይክሎፌናኩማ ባይነሳ ይገርመኛል። እንግዲህ ዕድሜ መቆጠር የነበረበት እዚህ ስሌት ውስጥ ነበር። እዚህ ማንም አልቆጠረውም፤ ደም ማቅጠኛው ላይ ግን ተቆጠረባቸው።

አደራ፣ በራሳችሁ ምንም እንዳታቆሙ። በተለይ ዳያዚፓም ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቆይቶ በአንዴ ቢቋረጥ ያንቀጠቅጣል፣ እስከ መንፈራገጥም ያደርሳል። ቀስ እያለ ነው የሚወርደው።

ባለ ነጭ ጋዋን፦

ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ከፋርማሲስቱ ጋር በመድኃኒቶቹ ላይ አልከራከርም። «አድልዎ» የምትለው ቃል ላይ ግን ቅር ብሎኛል።

ከሰዓት በፊት ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ነው። ካርዱ ሁልጊዜ አይገኝም፤ ከግል ክሊኒክ የታዘዘውን የሚነግረኝ የለም፤ ታካሚዋ «ነጯን ክኒን፣ ክቧን» ትለኛለች። ነጭና ክብ ያልሆነ መድኃኒት ስንት ነው? ልጅ አብራ ከመጣች ልጅን መጠየቅ ይፈጥናል፤ ንቀት አይደለም፣ የደቂቃ ጉዳይ ነው። ደም ማቅጠኛውንም ቢሆን ዋርፋሪን ጀምሬላቸው በየጊዜው አይኤንአር (ደሙ ምን ያህል ቶሎ እንደሚረጋ የሚያሳየው ምርመራ) የሚለካላቸው ከሌለ፣ ቤት ወድቀው ጭንቅላታቸው ውስጥ ቢደማ ማን ነው ተጠያቂው? መጠንቀቅ ከመናቅ ጋር አንድ ላይ አይታጨድ።

ሁለተኛ፣ ስልጠናችን ላይ የሕፃናት ሕክምና ራሱን የቻለ ልምምድ ነበረው። የአረጋውያን የሚባል ነገር እኔ በተማርኩበት ጊዜ አልነበረም። ሕፃን ሲመጣ በኪሎ አስልተን ነው የምናዝዘው። አረጋዊ ሲመጣ ለአዋቂ የተጻፈውን ነው የምንጽፈው። ይሄን ጉድለት እቀበላለሁ።

ከለንደን፦

ሰላም። እኔም ፋርማሲስት ነኝ፣ እዚህ እንግሊዝ ሐኪም ቤት ውስጥ የአረጋውያን መድኃኒት መገምገም ነው ሥራዬ። ዶክተር ያሉት የጊዜ እጥረት እዚህም አለ፤ ግን የጊዜ እጥረቱ ለምን ሁልጊዜ በሽማግሌው ላይ ያርፋል የሚለው ነው ጥያቄው።

እዚህ ነገሩ በፖሊሲ ደረጃ የተነሳው በ2001 (እ.ኤ.አ.) ነው። ያኔ መንግሥት ለአረጋውያን ጤና ያወጣው ማዕቀፍ የመጀመሪያ መመዘኛው የዕድሜ አድልዎን መንቀል ነበር። አብሮት የወጣው የመድኃኒት ሰነድ ደግሞ ከ75 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሁሉ መድኃኒቱ ቢያንስ በዓመት አንዴ፣ አራትና ከዚያ በላይ ዓይነት የሚወስድ ከሆነ በየስድስት ወሩ እንዲገመገም አለ። ሕጉ የመጣው ቆይቶ ነው፤ በአገልግሎት አሰጣጥ ላይ በዕድሜ ማዳላት ከጥቅምት 2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ክልክል ሆነ። ሐኪም ዕድሜን ማየት አይችልም ማለት አይደለም። ዕድሜን ምክንያት ካደረገ ግን አሳማኝ መነሻ ማሳየት አለበት። ሁሉም በዚያ ተስተካከለ እንዳትሉ፤ ታካሚው ሳይጠራ፣ ኮምፒውተር ላይ ብቻ «ተገምግሟል» ተብሎ ምልክት ሲደረግ በዓይኔ አይቻለሁ።

ይልቅ የዚህ ክር ውይይት ወደ አንድ ጎን ብቻ እንዳያጋድል ፈራሁ። ስለ አረጋዊ መድኃኒት ሲወራ ሁሉም የሚያስበው መቀነስ ነው። አየርላንድ፣ ኮርክ ያሉ ሐኪሞች በ2008 (እ.ኤ.አ.) ሁለት ዝርዝር አብረው አወጡ፤ አንዱ ለአረጋዊ መቆም ያለበት፣ ሌላው መጀመር ያለበት ግን የተረሳ። አሁን ሦስተኛ እትም ላይ ደርሷል። ሰው የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛውን ይተወዋል።

የግፊት መድኃኒትን እንይ። «ከ80 በኋላ ግፊት ማከም ምን ያደርጋል» ይባል ነበር። በ2008 (እ.ኤ.አ.) ውጤቱ የወጣ ጥናት 80 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 3,845 ሰዎችን አሳትፎ ግማሹን አከመ፣ ግማሹን በማስመሰያ ክኒን ያዘ። በታከሙት ላይ ሞት በ21 በመቶ ቀነሰ፤ የልብ ድካም ደግሞ በ64 በመቶ። ጥቅሙ ግልጽ ስለሆነ ጥናቱ ከታሰበለት ጊዜ በፊት እንዲቆም ተደረገ።

አሁን ወደ እናታችን ልብ። ከ75 በላይ የሆኑና ይሄው የምት መዛባት ያለባቸው 973 ሰዎች ዋርፋሪን ወይስ አስፒሪን ተብሎ ተጠንቶ በ2007 (እ.ኤ.አ.) ታተመ። ዋርፋሪን የወሰዱት ላይ ስትሮክና መሰል አደጋ በዓመት 1.8 በመቶ፣ አስፒሪን የወሰዱት ላይ 3.8 በመቶ። ከባድ መድማቱ ደግሞ ተቀራራቢ ነበር። ማለትም አስፒሪን ያን ያህል ሳይከላከል ያንኑ ያህል ያደማል። ለስትሮክ ስጋት በምንሰጠው ነጥብ ላይ 75 ዓመት መሙላት ብቻውን 2 ነጥብ ነው፤ ስኳር 1፣ ግፊት 1። ሴትነታቸውን ሳልቆጥር 4 ሆነ። ዕድሜያቸው ለመድኃኒቱ የሚያቀርባቸው እንጂ የሚያርቃቸው አልነበረም።

የአይኤንአሩ ችግር እውነተኛ ነው፤ ዶክተር ልክ ናቸው። እንደዚያ ከሆነ ግን መልሱ «ክትትል ስለሌለ አልሰጥም» ነው መሆን ያለበት፤ «ለዕድሜያቸው አስፒሪን ይበቃል» አይባልም። የመጀመሪያው መፍትሔ ሊፈለግለት የሚችል ችግር ነው። ሁለተኛው በሩን ይዘጋል።

ባለ ነጭ ጋዋን፦

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ተቀብያለሁ። አነጋገራችን ነው ያበላሸን።

ጡረተኛው ከድሬ፦

ልጆቼ እንዴት ናችሁ። የምድር ባቡር ጡረተኛ ነኝ፣ 81 ዓመቴ። የልጅ ልጄ ስልክ ላይ እያነበብኩ ነው፣ ፊደሉን አተልቃልኛለች።

ስለ እኛ ስታወሩ ጥሩ ታወራላችሁ። እስኪ እኔም ልናገር። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ሐኪም ዘንድ ልጄ ወሰደኝ። ሐኪሙ ልጄን «አባት እንቅልፍ አይተኙም?» አለው። «አይተኙም» አለ። ኪኒን ተጻፈ። ሃምሳ ዓመት አብሬያት የኖርኳት ሴት መሞቷን የጠየቀኝ የለም! ሐዘን ያለበት ሰው ነው ወይ፣ ምግብ ያስጠላዋል ወይ፣ ሰው ያስጠላዋል ወይ የሚል የለም። ወጣት ቢሆን ጭንቀት ይዞታል ተብሎ አማካሪ ይላካል። ሽማግሌ ሲሆን ተኝቶ ይዋል ነው። ኪኒኑን ሁለት ሌሊት ዋጥኩት፤ በሦስተኛው ቀን ቅዳሴ ላይ ቆሜ እንደ ሰከረ ሰው ወዛወዘኝ። ጣልኩት። አሁን ማታ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ዳማ እጫወታለሁ፣ እንቅልፌም ቀስ እያለ መጣ።

ሌላው፣ የመድኃኒት ቤት ልጆች ካሽጉ ላይ በመቀስ ቆርጣችሁ አሥር ፍሬ ትሰጡናላችሁ። ስሟ የተጻፈበት ጎን መድኃኒት ቤት ይቀራል፤ እኛ ጋ የሚመጣው ብሩ ብልጭ ብልጭ የሚለው ጎን። ፖስታው ላይ «1×2» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ምን ማለት ነው? አንድ ለሁለት ቀን ነው ሁለት ለአንድ ቀን? ጎረቤቴ ማታም ጠዋትም ሁለት ሁለት ሲውጥ ከርሟል። በዚያ ምክንያት ሲወድቅ ነው የከረመው።

ለዶክተሩ፦ ልጄን መጠየቅ ይፈጥናል ካልክ፣ ልጄ ማታ ላይ ነው ከሥራ የሚገባው። ቀኑን ሙሉ ከእኔ ጋር የምውለው እኔ ነኝ።

ቡና ጠጪ፦

አባባ ዕድሜ ይስጥልን 😄 «ቀኑን ሙሉ ከእኔ ጋር የምውለው እኔ ነኝ»!

ከመድኃኒት ቤቱ፦

አባባ፣ ስለ መቀሱ እውነትዎን ነው። ስሙንና የሚያበቃበትን ቀን ፖስታው ላይ መጻፍ ቀላል ነው፤ የሚያስቸግር ነገር የለውም። ነገ ጠዋት ባልደረቦቼን እነግራለሁ። «1×2»ንም «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ» ብሎ በአማርኛ መጻፍ ስንት ሰከንድ ይፈጃል?

እውነት ተናጋሪ፦

ትሰድቡኛላችሁ እንጂ ልናገር። ሀገሪቱ ለወጣቱ ኢንሱሊን ሳይኖራት ለ80 ዓመት ሰው ደም ማቅጠኛ፣ አይኤንአር፣ ምናምን ማለት ቅንጦት ነው። ያለው መድኃኒት ሕይወት ለሚቀረው ይሰጥ። ወላጅ መውደድ ሌላ፣ የሀገር አቅም ሌላ።

የጉለሌዋ፦

ወንድሜ፣ እናቴ የምትውጠውን ስምንት ዓይነት መድኃኒት አይተኸዋል? ቅንጦት ካልከው እሱ ነው። ጥያቄዬ ዘጠነኛውን ጨምሩልኝ አልነበረም።

ከለንደን፦

እውነት ተናጋሪ፣ አልሰድብህም፤ ብዙ ሰው በልቡ የያዘውን ነው የጻፍከው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) ስለ ዕድሜ አድልዎ ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከሁለት ሰው አንዱ ለአረጋውያን የተዛባ አመለካከት አለው ይላል። እዚያው ላይ፣ ከተገመገሙ 149 ጥናቶች በ85 በመቶው ሕክምና ማን ያገኛል የሚለውን የወሰነው ዕድሜ ነበር። ስለዚህ ብቻህን አይደለህም።

ግን ሒሳቡን ሥራው። ስትሮክ የመታት እናት በአልጋ ላይ ስትቀር ሥራ ትታ የምታስታምማት ያቺ ወጣት ልጅ ናት። ፓምፐሱ፣ ነርሱ፣ የአልጋ ቁስሉ። ዋርፋሪን ርካሽ ከሚባሉ መድኃኒቶች አንዱ ነው።

ጡረተኛው ከድሬ፦

ሕይወት የሚቀረው ማን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ ልጄ? እኔስ ስንት ወጣት ቀብሬአለሁ።

የሜሪላንዷ፦

ሰላም ሁላችሁም። አሜሪካ ሜሪላንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነርስ ነኝ። ሌሊት ነው የምሠራው፣ ለዚህ ነው ዘግይቼ የምጽፈው።

እዚህ ያሉ ወገኖች ወላጆቻቸውን ሲያመጡ መድኃኒት በጥንቃቄ የሚሰጥ ይመስላቸዋል። ወረቀቱ ጥንቁቅ ነው፣ እውነት ነው። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። መርሳት የጀመራቸው አንዲት እናት ነበሩን፤ እንግሊዝኛ አይችሉም። ቻርታቸው ላይ «ሌሊት ይረብሻሉ፣ ይንከራተታሉ» ተብሎ ተጽፎ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ተጀምሮላቸዋል፤ ቀን ላይ ምራቃቸው እየተዝረበረበ ይደነዝዛሉ። የመጀመሪያ ሌሊቴ ላይ ሊነጋጋ ሲል ተነሱ፣ በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ እየዳሰሱ ሄዱ። «እማማ፣ ምን ፈለጉ?» አልኳቸው በአማርኛ። «ምሥራቁ በየት ነው?» አሉኝ። ሊጸልዩ ነው! በሕይወታቸው ሁሉ በዚያች ሰዓት ሲነሱ የኖሩ ሴት ናቸው። ምሥራቁን አሳየኋቸው፣ ወንበር አመጣሁላቸው፣ ጸልየው ተመልሰው ተኙ።

እነዚህ መድኃኒቶች መርሳት ባለባቸው አረጋውያን ላይ የሞት አደጋ እንደሚጨምሩ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሳጥን የታጠረ ከባድ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍባቸው አድርጓል። ማስጠንቀቂያው የመድኃኒቱ መግለጫ ላይ አለ፤ ሰው የሚነጋገር ሲጠፋ ግን ኪኒኑ ይቀላል። ከቤተሰቡ ጋር ሆነን ሐኪሙን አነጋገርን፣ ቀስ በቀስ ወረደላቸው፣ በኋላም ቆመ።

እዚህ ላላችሁ፦ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል የጤና ተቋም በዕድሜ ማዳላት ከ1975 (እ.ኤ.አ.) ሕግ ጀምሮ ክልክል ነው። አስተርጓሚም በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። «ልጃቸው ትተርጉም» ሲሏችሁ እሺ አትበሉ። ልጅ ስትተረጉም እናት የሽንትና የማኅፀን ነገር አትናገርም። አዲስ ኪኒን ሲጀመር «ለምን? እስከ መቼ? ማን ፈቀደ?» በሉ።

ከጤና መድን በኩል፦

በአንድ ወረዳ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ውስጥ እሠራለሁ። መድኑ በ2011 (እ.ኤ.አ.) በ13 ወረዳዎች ሲጀመር ጀምሮ የዕድሜ ጣሪያ የለውም፤ አረጋዊ ነህ ተብሎ የሚመለስ ሰው የለም። መክፈል ለማይችሉትም መንግሥት ይሸፍናል። በወረቀት ላይ አድልዎ የለም ማለቴ ነው።

አድልዎው የሚመጣው መድኃኒቱ ሲያልቅ ነው። «ከውጭ ግዙ» ሲባል ወጣቱ ሮጦ ይገዛል፣ ወይ ሌላ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ወረቀቱን መቀነታቸው ውስጥ ቋጥረው ቤታቸው ይገባሉ፤ በሚቀጥለው ወር ይሞክራሉ። የክትትል መድኃኒት ደግሞ «የድሮው ይቀጥል» እየተባለ ብቻ ይሞላል። ኩላሊት ሳይለካ፣ ግፊት በቁም ሳይለካ። ተቀምጠው ሲለካ ደህና የሆነ ግፊት ሲቆሙ ሊወርድ ይችላል፤ ማዞር ያለበት አረጋዊ ቆሞም መለካት አለበት። ይሄ ገንዘብ አይጠይቅም።

ስም የለሽ፦

ጸበል የጀመሩ እናቶችን መድኃኒት የሚያስጥሉ ሰዎችስ? ይሄን ለምን አታነሱም?

ባለ ነጭ ጋዋን፦

ይነሳል። እኔ ግን ማስፈራራት ትቻለሁ። «እማማ፣ ጸበሉን ይቀጥሉ፣ መድኃኒቱንም አብረው ይውሰዱ፤ የሚጾሙ ከሆነ ግን ሰዓቱን አብረን እናስተካክል» ስል ነው የሚነግሩኝ። ሲቆጡባቸው ይዋሻሉ፣ ሐኪሙም በውሸት ላይ መጠን ይጨምራል።

የጉለሌዋ፦

ተመልሻለሁ። ፌስታሉን እንዳለ ይዘን ሆስፒታል ሄድን። ከመግባታችን በፊት እናቴን «አንቺ ተናገሪ፣ እኔ ዝም እላለሁ» አልኳት። ሐኪሟ ወደኔ ስትዞር እኔ ወደ እናቴ ዞርኩ። መጀመሪያ ግራ ተጋባች፣ ከዚያ ገባት፤ ወንበሯን ስባ ወደ እናቴ ተጠጋች።

የሆነውን በአጭሩ፦ አምሎዲፒኑ ወደ 5 ወረደ፣ እብጠቱ ሲቀንስ ላዚክሱ ቆመ። ዳይክሎፌናኩ በፓራሲታሞልና በሚቀባ ተተካ፤ ጉልበቷ እንደ በፊቱ አይታገስላትም፣ ይሄን አልደብቅም። ግሊቤንክላማይዱ ቆሞ ሜትፎርሚኑ በትንሽ መጠን ቀጠለ። ስኳሯ ትንሽ ከፍ አለ፣ ሐኪሟ ግን ለእሷ ትንሽ ከፍ ማለቱ ወድቃ ከመሰበሯ ይሻላል አለች። ዳያዚፓሙ በግማሽ እየወረደ ነው፤ እንቅልፉ ገና አልተስተካከለም፣ በነጋታው ትነጫነጫለች።

የደም ማቅጠኛው አልተፈታም። ሐኪሟ ስጋቱንም ጥቅሙንም ለእናቴ ራሷ አስረዳቻት። እናቴ ሰምታ ሰምታ «ስትሮክ ማለት አፏ ጠሞ የቀረችው የጎረቤታችን ነው?» አለች። «አዎ» ስትባል «እሱንስ አልፈልግም፤ ደሜን ለክታችሁ ስጡኝ» አለች። አይኤንአር የሚለካበት ቦታ ከሰፈራችን ሩቅ ስለሆነ ማን ይወስዳታል የሚለውን ከእህቶቼ ጋር እየተነጋገርን ነው። አንደኛዋ እህቴ አሁንም «በዚህ ዕድሜ ምን ያንገላታታል» ትላለች። ቤት ውስጥም አለ ማለት ነው ይሄ ነገር።

ከለንደን፦

ዋርፋሪን ከጀመሩ አስፒሪኑ ይቁም ወይ ብላችሁ ሐኪሟን ጠይቁ፤ ሁለቱ አብረው መድማትን ይጨምራሉ። ጎመንና ቆስጣ መከልከል የለባቸውም፤ በጾም ወቅት አብዝተው በፍስክ ጊዜ ጭራሽ ሲተዉት ግን አይኤንአሩ ይዋዥቃል። ስለዚህ ጾም ሊገባ ሲል ቀረብ ብሎ መለካት ነው።

ቡና ጠጪ፦

አንድ ጥያቄ። አባቴ ኪኒን ለመዋጥ ስለሚቸገሩ ሁሉንም ፈጭተን በማር እንሰጣቸዋለን። ችግር አለው?

ከመድኃኒት ቤቱ፦

የትኞቹ ናቸው?

ቡና ጠጪ፦

ኒፌዲፒን፣ ኦሜፕራዞል፣ ሜትፎርሚን።

ከመድኃኒት ቤቱ፦

ኒፌዲፒኑ ቀስ እያለ የሚለቀቀው ዓይነት ከሆነ እንዳይፈጭ፤ የቀኑ መጠን በአንዴ ይለቀቅና ግፊታቸውን ባንዴ ያወርደዋል። ከዛሬ ጀምሮ አትፍጩት፣ ነገ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ የሚፈጭ የግፊት መድኃኒት እንዲቀየርላቸው ጠይቁ። ኦሜፕራዞሉን ሽፋኑን ከፍታችሁ ፍሬዎቹን ሳትፈጩ በለስላሳ ነገር መስጠት ይቻላል፤ ማኘክ የለባቸውም። ሜትፎርሚን ተራው ይፈጫል፣ ቀስ የሚለቀቀው አይፈጭም። ማሩን ደግሞ ተዉት እንጂ፤ ስኳር አለባቸው አይደል?

ቡና ጠጪ፦

ማሩን አላሰብኩትም። ማሸጊያውን ፎቶ አንስቼ ልላክልህ፣ የትኛው ዓይነት እንደሆነ አላውቅም፤ ስሙ የተቆረጠ ነው።